ኦክስጅን የምትለካው ኢንዛይም ስትጠፋ አይጧ ለምን አልወፈረችም?

ጥያቄውን የላከችልኝ አንዲት የፋርማሲ ተማሪ ናት። እዚሁ ጅማ ነው የምትኖረው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «መምህር፣ እናቴ ዓይነት 2 ስኳር አለባት፣ ሜትፎርሚን ትወስዳለች። ኦክስጅን የሚለካ አንድ ኢንዛይም ከአይጦች ላይ ሲጠፋ አይጦቹ ስብ እየበሉ እንደማይወፍሩ፣ ኢንሱሊናቸውም በደንብ እንደሚሠራ አነበብኩ። እንዴት ነው የሚሆነው? ለሰው መድኃኒት ሊሆን ነው? አጎቴ ደግሞ ይሄን ስነግረው ‹በቃ ኦክስጅን ወደሚያንስበት ደጋ፣ ወደ ዴዶ እንውሰዳት› አለ። እውነት አለው?»

እህቴ፣ የአጎትሽን ነገር ለመጨረሻ ላቆየው። ያሉት እንደሚመስለው ቀልድ አይደለም።

መጀመሪያ ኢንዛይሟ። ኤፍ አይ ኤች ትባላለች። ስሟ ሲፈታ «ሂፍን የምትገታ» እንደማለት ነው። ስለዚህ ሂፍን ሳናነሳ ስለ እሷ ማውራት አይቻልም። ሂፍ ሴል ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ኦክስጅን ሲያጥር ይነሳና ኒውክለስ ገብቶ ብዙ ጂኖችን ያበራል፤ ቀይ የደም ሴል በብዛት እንዲመረት፣ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል፣ ሴሉ ያለ ኦክስጅንም ቢሆን ከስኳር ጉልበት እንዲያወጣ የሚያደርጉትን ጂኖች ማለቴ ነው። ቡና ስትቆይ ከሰሉ ሲታፈን ምን ታደርጊያለሽ? ታራግቢያለሽ። አመዱን ታራግፊያለሽ። እምቢ ካለ ምድጃውን በር ላይ ታወጪዋለሽ። ሴል ውስጥ ይሄን ሁሉ የሚያዘው ሂፍ ነው።

የሚገርመው፣ ሴሉ ሂፍን ኦክስጅን ሞልቶም እያለ ይሠራዋል። ይሠራና ወዲያው ያፈርሰዋል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። ብክነት ይመስላል፣ ግን አስቢው፦ አየር በድንገት ሲያጥር ከባዶ መሥራት ከመጀመር፣ ማፍረሱን ማቆም ይፈጥናል።

የሚያፈርሱት ፒ ኤች ዲ የሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው (ከዶክትሬቱ ጋር አትቀላቅያቸው፣ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ሳቅ ይነሳል)። ሂፍ ላይ ምልክት ያደርጉበታል፤ ምልክቱን ያየ ሌላ ፕሮቲን ይዞት ወደ ማፍረሻው ይወስደዋል። ኤፍ አይ ኤች ግን አታፈርስም። ከማፍረሻው ያመለጠውን ሂፍ ታገኝና በቁጥር 803 የተቀመጠው አሚኖ አሲድ ላይ፣ አስፓራጂን ላይ ማለት ነው፣ አንድ የኦክስጅን አተም ትለጥፍበታለች። ይቺ ትንሽ ልጣፊ ሂፍን ከሥራ ባልደረባው ታለያየዋለች። ጂን ለማብራት ፒ 300 የሚባል ፕሮቲን አጠገቡ ሊቆምለት ይገባል፤ ልጣፊው ካለ አይቆምለትም። ሂፍ አለ ግን እጁ ታስሯል።

እና «ኦክስጅን ትለካለች» ሲባል ምን ማለት ነው? ሌላ ቆጣሪ የላትም። የምትለጥፈው ኦክስጅን ራሱ ጥሬ ዕቃዋ ነው። ካለ ትሠራለች፣ ከጎደለ ትቀዘቅዛለች፣ በቃ። ከኦክስጅን ሌላ ብረትና ሁለት ኦክሶግሉታሬት የሚባል የሜታቦሊዝም ውጤት ያስፈልጓታል። ቫይታሚን ሲም ያግዛታል። (ከዚህ ተነስቶ «ብርቱካን ያወፍራል» የሚል ሰው እንዳይመጣ አደራ።) ከፒ ኤች ዲ ጋር ስትነጻጸር ደግሞ ቻይ ናት። ኦክስጅን መውረድ ሲጀምር መጀመሪያ የሚዳከሙት እነሱ ናቸው፤ እሷ አየሩ በጣም እስኪሳሳ ድረስ ሥራዋን ትቀጥላለች።

ኤፍ አይ ኤች የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ምን እንደምትሠራ የተረጋገጠው ደግሞ በማግስቱ ዓመት። ሴል ኦክስጅንን እንዴት እንደሚያውቅ ያሳዩት ሴሜንዛ፣ ራትክሊፍና ኬሊን በ2019 ኖቤል ወስደዋል፤ የዚያ ሽልማት ዋና ታሪክ ሂፍና ማፍረሻው ነበር። እሷ ጥግ ላይ ያለች ዘመድ ነበረች።

አሁን ወደ አይጦቹ። በ2010 በራንዳል ጆንሰን የሚመራው፣ ያኔ ሳን ዲዬጎ የነበረው ቡድን ኤፍ አይ ኤች ጨርሶ የሌላቸውን አይጦች አወጣ። ምን ይጠበቅ እንደነበር ልንገርሽ። የሂፍ እጅ ከተፈታ ደማቸው ይወፍራል፣ የደም ሥራቸው እንደ ሐረግ ይበዛል፣ ምናልባትም ገና በጽንስ ይሞታሉ። እኔም ብጠየቅ ይሄንኑ እል ነበር። አንዱም አልሆነም። ተወለዱ፣ አደጉ። ደማቸውም የደም ሥራቸውም የሚያስገርም ለውጥ አላሳየም። የተለየው ሌላ ነገር ነው። ቀጫጮች ናቸው። ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። ቁጭ ብለውም ሰውነታቸው ከወንድሞቻቸው የበለጠ ያቃጥላል። ስብ የበዛበት ምግብ ሲሰጣቸው (በእንዲህ ዓይነት ሙከራ ብዙ ጊዜ ከካሎሪው 45 ወይም 60 በመቶው ከስብ ይመጣል፣ ክትፎ ብቻ እየበሉ እንደመኖር በይው) ሌሎቹ ሲያብጡ እነሱ ያን ያህል አልጨመሩም። ጉበታቸውም ስብ አልያዘም። ኢንሱሊናቸው ደግሞ ይሰማል።

ባጃጅ ውስጥ ስትቀመጪ አስተውለሽ ታውቂያለሽ? ሚኒሞው፣ ማለትም ቆሞ እያለ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ከፍ ተደርጎ የተስተካከለ ባጃጅ አለ። ፌርማታ ላይ ቆሞ እንኳን ይንገበገባል፣ ነዳጅ ይበላል። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ወደ ጅሬን ዳገት ሲወጣ ነዳጅ ቢበላ ማንም አይገርመውም፤ ይሄኛው ግን ቆሞ ነው የሚበላው። ኤፍ አይ ኤች የሌላት አይጥ እንዲህ ናት። ኢንዛይሟ ሚኒሞውን ዝቅ አድርጋ የያዘች እጅ ነበረች ማለት ነው።

«ኢንሱሊኑ ይሰማል» የሚለው በምን ታወቀ ካልሽ፣ ላብራቶሪው ውስጥ ቀላል ነገር ነው። አይጧ ለሰዓታት ምግብ ትከለከላለች። የጅራቷ ጫፍ በትንሹ ይነካና አንድ ጠብታ ደም ይወጣል። ጠብታዋ እናትሽ ቤት እንዳለው ዓይነት የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ላይ ታርፋለች። ከዚያ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ በ15፣ በ30፣ በ60 ደቂቃ ያው ጅራት እንደገና። ስኳሩ ቶሎ ከወረደ ሰውነቷ ኢንሱሊንን ይሰማል። ካልወረደ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። በሌላ ቀን ደግሞ በኢንሱሊን ፈንታ ግሉኮስ ይሰጣትና ራሷ እንዴት እንደምታወርደው ይታያል። ቀላል ነው ስልሽ ግን ማበላሸትም ቀላል ነው። እኔ ተማሪ እያለሁ አይጦቹን ከእጄ ጋር ሳላለማምድ አንስቼ ለካኋቸው። ቁጥሩ ጣሪያ ነካ። መድኃኒቴ ስኳር የጨመረ መስሎኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳብላላ ከረምኩ። ለካ ፍርሃት ነው። የደነገጠ እንስሳ አድሬናሊን ይረጫል፣ ጉበቱም ያለውን ስኳር ይለቃል። የመመረቂያ ሥራሽን በአይጥ ከሠራሽ፣ ከልኬቱ በፊት በየቀኑ እየያዝሽ አለማምጃቸው።

ለእኔ የጥናቱ ትልቁ ነገር ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ተመራማሪዎቹ ኢንዛይሟ የት ቦታ ነው ይሄን የምታደርገው ብለው ጠየቁ። አንድ ሰው ሲገምት ጉበት ይላል። ጡንቻ ይላል። ስብ ይላል። እነሱ ከነርቭ ሴሎች ላይ ብቻ አጠፏት፤ ጉበቱም ጡንቻውም ስቡም ኢንዛይሟ አላቸው። አይጦቹ ቀጠኑ። ሜታቦሊዝማቸው ጨመረ። ኢንሱሊናቸው ተሻሻለ። ስብ ቢበሉም እንደሌላው አልወፈሩም። ሁሉም የመጀመሪያዎቹ ለውጦች አልመጡም፣ ዋና ዋናዎቹ ግን መጡ።

እስቲ ይሄን ቆም ብለሽ አስቢው። ስለ ስኳር በሽታ ስንማር ቆሽት፣ ጉበት፣ ጡንቻ፣ ስብ እያልን ነው። ነርቭ የሚነሳው እግር ሲደነዝዝ፣ ማለትም በሽታው ከጎዳው በኋላ ነው። እዚህ ግን ነርቭ ውስጥ ያለች አንዲት ኦክስጅን ለኪ የሰውነቱን ሁሉ የማቃጠል ፍጥነት ትወስናለች። አንጎል «ስንት እንብላ» ብቻ አይደለም የሚያዘው፤ «ስንት እናቃጥል»ንም ያዛል፣ የኦክስጅን ሒሳቡም እዚያው ነው የሚሠራው። ጥያቄሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር መልስልኝ ብትይኝ ይሄን ነው የምልሽ።

ኢንሱሊኑ ለምን ተሻሻለ? ኢንሱሊን ሬዚስታንስ ማለት ሆርሞኑ በሩን እያንኳኳ ሴሉ አለመክፈቱ ነው። ሴሉን ከሚያደነቁሩት ነገሮች አንዱ ቦታው ያልሆነ ስብ ነው፤ ከቆዳ ሥር መቀመጥ ሲገባው ጉበትና ጡንቻ ውስጥ የገባ ስብ። የኢንሱሊን መልእክት በሴሉ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነው፣ ይሄ ስብ መሀል ገብቶ ቅብብሉን ያበላሸዋል። ኤፍ አይ ኤች የሌላት አይጥ ቀን ከሌት ስለምታቃጥል ጉበቷ ላይ የሚከማች ትርፍ የላትም። ስለዚህ የእኔ ግምት፣ የኢንሱሊኑ መሻሻል ትልቁ ክፍል የዚህ ተከታይ ነው የሚል ነው።

«ታዲያ መቅጠን ነዋ!» እንዳትይኝ። እንቅርት ኖሮባቸው ታይሮይድ ሆርሞናቸው ከመጠን በላይ የሆነባቸውን ሰዎች አስቢ። ብዙ ይበላሉ፣ ይቀጥናሉ፣ ልባቸው ይመታል። ሚኒሞው ከፍ ብሏል። ስኳራቸው ግን ብዙ ጊዜ ይባስ ይበላሻል እንጂ አይስተካከልም። ማቃጠል ብቻውን ኢንሱሊንን አያስተካክልም ማለት ነው። በምን ትእዛዝ፣ ከየት በኩል ተቃጠለ የሚለው ለውጥ ያመጣል።

ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ ኤፍ አይ ኤች ሂፍን ብቻ የምትነካ አለመሆኗ ነው። ኖች የሚባለውን፣ ከብግነት ጋር የሚያያዘውን አይ ካፓ ቢን፣ ሌሎችንም ፕሮቲኖች ትለጥፍባቸዋለች። ደሙና የደም ሥሩ አለመለወጡ ራሱ ጥርጣሬ ይጭራል። የአይጦቹን ቅጥነት ሁሉ ለሂፍ መስጠት አልደፍርም።

ሂፍ ራሱም ቦታ የሚለይ ነገር ነው። በወፈረ ሰው ስብ ውስጥ ሴሎቹ ያብጣሉ፣ የደም ሥሩ አይደርስባቸውም፣ አየር ያጥራቸዋል፣ ከሂፍ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ሂፍ አንድ አልፋ ይነሳል። እዚያ ሲነሳ ብግነትና ጠባሳ ያመጣል፣ ኢንሱሊንንም ያዳክማል። ጉበት ላይ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። በ2013 ከአይጥ ጉበት ላይ ከአፍራሾቹ አንዱን፣ ፒ ኤች ዲ 3ን ብቻ ያጠፉ ተመራማሪዎች ሌላው የሂፍ ዓይነት፣ ሂፍ ሁለት አልፋ፣ ትንሽ ከፍ ሲል የኢንሱሊን ቅብብሉ ሲሻሻል አይተዋል። ግን ያው ጉበት ላይ ማፍረሻውን ጨርሰሽ ከዘጋሽው፣ ሂፍ ሁለት ከልክ ያልፍና ጉበቱ ራሱ በስብ ይሞላል። ቅመም ነው በአጭሩ። ትንሽ ሲሆን ወጡን ያጣፍጠዋል፣ ሲበዛ ማን ይበላዋል።

ከአይጥ ወደ ሰው ስንመጣ ሁልጊዜ የማነሳት አንድ ነገር አለች፤ ሰው ብዙ ልብ አይላትም። አይጥ ትንሽ ስለሆነች ሙቀቷ ቶሎ ያመልጣታል። የሚመቻት 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። ላብራቶሪ የምንይዛት ግን 20 ወይም 22 ዲግሪ ላይ ነው፣ ለእኛ የሚመቸን እሱ ስለሆነ። ስለዚህ የላብራቶሪ አይጥ ዕድሜዋን ሙሉ በርዷት ነው የምትኖረው። ከምትበላው ብዙው ለማሞቂያ ይውላል። ሜታቦሊዝምን ከፍ የሚያደርግ ማንኛውም ነገር እሷ ላይ ጎልቶ ይታያል። ነጠላዋን ተከናንባ ምድጃ አጠገብ ለተቀመጠች የጅማ እናት ያው ነገር ያንኑ ያህል ይሠራል ብዬ አልወራረድም። ደግሞ እነዚያ አይጦች ያለ ኢንዛይሟ የተወለዱ ናቸው፤ ሰውነታቸው ከጽንስ ጀምሮ ለምዶታል። በ60 ዓመት ክኒን ወስዶ ማጥፋት ሌላ ጉዳይ ነው።

መድኃኒትስ? ፒ ኤች ዲን የሚገቱ ክኒኖች አሉ፤ ሮክሳዱስታት በ2018 መጨረሻ ቻይና ውስጥ ተፈቅዷል፣ ዳፕሮዱስታት በ2023 አሜሪካ ውስጥ። ለስኳር ግን አይደሉም። ኩላሊታቸው ለደከመ፣ ደም ላነሳቸው ሰዎች ናቸው። ሮክሳዱስታት ኮሌስትሮልንም ዝቅ ሲያደርግ ስለታየ ሜታቦሊዝም ላይ ያለው ተስፋ ከንቱ አይደለም። ግን እነዚህ ክኒኖች የደም መርጋትን የመሰለ የራሳቸው አደጋ አላቸው፣ ደም ላላነሰው ሰው ደም የሚጨምር ነገር መስጠት ደግሞ ምን እንደሚያመጣ አንቺም ታውቂዋለሽ። ኤፍ አይ ኤችን ለይቶ የሚገታ፣ ለስኳር ሕመምተኛ የተፈቀደ መድኃኒት የለም።

ሚኒሞን በክኒን ማስነሳት ደግሞ ከዚህ በፊት ተሞክሯል። በ1930ዎቹ ዲኒትሮፌኖል የሚባል ኬሚካል አሜሪካ ውስጥ ለማቅጠኛ ተሸጠ። እውነትም አቀጠነ። ሰዎች ከውስጥ እንደ ምድጃ ጋሉ፣ ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጣ፣ የሞቱም አሉ። በ1938 ታገደ። ዛሬም በኢንተርኔት የሚሸጡት አሉ። ፋርማሲ ውስጥ ስትቆሚ አንድ ቀን የሚጠይቅሽ ሰው አይጠፋም፣ ስሙን ያዥው።

እና እናትሽ ሜትፎርሚናቸውን ይቀጥሉ። እሱም ቢሆን ተራ ነገር እንዳይመስልሽ፤ ጉበት ሳያስፈልግ ስኳር እንዳይለቅ የሚያደርግ፣ ከሚቶኮንድሪያ ጋር፣ ማለትም ምግብ በኦክስጅን ከሚቃጠልበት ቤት ጋር የሚነካካ መድኃኒት ነው። ከዚሁ ሰፈር ነው።

አሁን አጎትሽ። ሐሳባቸው መስመር አለው፦ ኢንዛይሟ ኦክስጅን ሲያንስ ትቀዘቅዛለች፣ ደጋ ላይ ኦክስጅን ያንሳል፣ ስለዚህ ደጋ እንውጣ። ችግሩ ልኬቱ ላይ ነው። ጅማ ራሷ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። እዚህ የምንተነፍሰው የኦክስጅን ግፊት ከባሕር ጠለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ስኳር በሽታ ግን ክሊኒኩን ሞልቶታል። ዴዶ ደጋ ሲወጡ የሚቀንሰው ትንሽ ነው። ኤፍ አይ ኤች ደግሞ ቻይዋ ናት ብያለሁ፣ በዚህች ቅናሽ ሥራ አታቆምም። በተጨማሪ ሰውነት ይለማመዳል። በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎቻችንን ለክቶ ሄሞግሎቢናቸውም በደማቸው ያለው ኦክስጅንም ባሕር ጠለል ላይ ካለ ሰው ብዙ የማይለይ ሆኖ አግኝቶታል። ደጋ የሚኖር ሰውነት ቀን ከሌት ጭንቅ ላይ ነው ማለት አይደለም።

ዘመድ ለመጠየቅ ከሆነ ግን ይሂዱ። ዳገቱን በእግራቸው ትንሽ ትንሽ ከወጡት፣ ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ኢንሱሊን ሳይጠብቅም ስኳር ያስገባልና እሱ በደንብ ይጠቅማቸዋል። ግሉኮሜትሩን ይዘው ይሂዱ። አንድ ነገር ግን የስትሪፑ ካርቶን ላይ አንብቢላቸው፦ «ግሉኮስ ኦክሲዴዝ» የሚል ከሆነ እሱም ከኦክስጅን ጋር የሚሠራ ኢንዛይም ነው። አየሩ በጣም ከሳሳ ኦክስጅኑ ይወስደው የነበረው ኤሌክትሮን ወደ ማሽኑ ይሄድና ቁጥሩ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ብዙዎቹ ማሽኖች እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ችግር የለባቸውም፣ ልኩ መመሪያ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። «ግሉኮስ ዲሃይድሮጅኔዝ» የሚል ከሆነ ግን ኦክስጅን አይፈልግም፤ እሱም ቢሆን ልኩን መመሪያ ወረቀቱ ላይ እዪላቸው።